ምዕራፍ ሰባት፦ አየሩ ሲሳሳ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ የፎገራን ሜዳ ለቆ ሽቅብ ሲያቀና፣ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ለውጡን ከዓይኑ ቀድሞ በእግሩ ያውቀዋል። ቤንዚን ይረግጣል፤ ሞተሩ ግን እንደ ሜዳው አይታዘዝም። በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረው ዳገት ሁለተኛ ይጠይቃል። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ ከማርሚታው ጠቆር ያለ ጭስ ይከተለዋል። ከተማ ገብቶ መኪናውን ሲያቆም ደግሞ ሚኒሞው ይንገዳገዳል፣ ኮፈኑ አካባቢ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ያመራል። ካንዴላ ይቀየራል፣ ካርቡራተር ይታጠባል፣ የቤንዚን ፓምፕ ይጠረጠራል። ብር ወጥቶ መኪናው ያው ነው። ብዙ ጊዜ ከመኪናው የተበላሸ ነገር ስለሌለ ነው። የተለወጠው ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ነው፤ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ 900 ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቷል።

ችግሩ በማንኛውም አሮጌ የቤንዚን መኪና ላይ ይታያል። በስፖርት ኩፔዎች ላይ ግን ይብሳል። ኩፔ የሚባሉት ባለሁለት በር፣ ጣሪያቸው ወደ ኋላ እየዘቀዘቀ የሚወርድ፣ ከቤተሰብ መኪና ይልቅ ለፍጥነትና ለመልክ የተሠሩ መኪኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1975 የተመረተው ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ገበያ ላይ የዋለው ቶዮታ ሴሊካ፣ ኢትዮጵያውያን አሳምረው ከሚያውቁት ቮልስ ጋር ሞተር የሚጋራው ካርማን ጊያ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። አብዛኞቹ ኩፔዎች ከሞተራቸው የሚቻለው ጉልበት ሁሉ እንዲወጣ ተደርገው የተቃኙት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይሉ አገሮች ነው። ቅኝቱ ጥብቅ በሆነ መጠን አየሩ ሲለወጥ መዛባቱ ቶሎ ይሰማል።

ሞተሩ የሚውጠው አየር

ፒስቶኑ ቁልቁል ሲወርድ ሲሊንደሩ ውስጥ ባዶ ቦታ እንደሚፈጠርና አየር ያን ቦታ ለመሙላት እንደሚገባ በምዕራፍ ሦስት ተብራርቷል። እዚያ ሳይነሳ የቀረ አንድ ነጥብ አለ። ፒስቶኑ የሚለካው ስፋትን ብቻ ነው። 1600 ሲሲ የሆነ ሞተር ምጽዋ ላይም ሆነ ንፋስ መውጫ ላይ የሚስበው የአየር ስፋት ያው ነው። በዚያ ስፋት ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን አንድ አይደለም።

አየር ክብደት አለው። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይጫነዋል፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ ቦታ ያለው አየር የታመቀ፣ ከፍ ያለ ቦታ ያለው የሳሳ ነው። የባሕር ጠለልን ግፊት 100 ብንል ወረታ ላይ 80 ገደማ ይሆናል። 2700 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ወደ 72 ይወርዳል። 3100 ሜትር ላይ ባለችው ንፋስ መውጫ 68 ገደማ ነው። ከ4000 ሜትር በላይ በሚደርሰው የጉና ተራራ ጫፍ ደግሞ 60 አካባቢ ይቀራል።

የሞተር ጉልበት ከዚሁ ጋር አብሮ ይወርዳል። ፋብሪካው 90 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው ሞተር ደብረ ታቦር ላይ ሲሠራ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ 67 ወይም 68 ቢቀረው ነው። ይህን ጉድለት የትኛውም መካኒክ በካቻቪቴ አይመልሰውም። መካኒክ ሊያስተካክለው የሚችለው ከዚህ በላይ የሚባክነውን ነው፤ የሚባክነውም ቀላል አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት የእንጨት ምድጃ ማሰብ ይበቃል። እንጨቱ ተጠቅጥቆ አየር መግቢያው ሲጠብ እሳቱ አይነድም፣ ይጨሳል። ቤቱ በጭስ ይሞላል፣ ድስቱ ጥላሸት ይለብሳል፣ ወጡ ግን አይፈላም። እንጨት መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ ከእንጨቱ መቀነስ፣ ወይ በማራገቢያ አየር መጨመር። ከፍታ ላይ ያለ የቤንዚን ሞተርም ከእነዚህ ከሁለቱ የተለየ መፍትሔ የለውም።

ካርቡራተሩ የማያየው

ቤንዚን ተቃጥሎ እንዲያልቅ አንድ ኪሎው 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በአዳዲስ መኪኖች ይህን ልክ የሚጠብቀው ኮምፒውተር ነው። የአየሩን ግፊት ወይም መጠን የሚለካ፣ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን የሚያሸት መሣሪያ አለው፤ ዳገቱን ሲወጣ ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ በፊት በተሠሩ አብዛኞቹ ኩፔዎች ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ካርቡራተር ነው።

ካርቡራተር ወገቡ የጠበበ ቱቦ ነው። አየር በጠባቡ ወገብ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ የቀነሰው ግፊት ከጎን ካለች ትንሽ ጽዋ ቤንዚን ስቦ ያወጣል። ቤንዚኑ የሚያልፈው መጠኗ በጥንቃቄ በተበሳች የነሐስ ቀዳዳ በኩል ነው። አሠራሩ ብልህ ነው፤ ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ቤንዚን፣ ጥቂት ሲገባ ጥቂት ይስባል።

ነገር ግን የአየሩን ክብደት አያውቅም። የሚያውቀው መሳቡን ብቻ ነው፤ የሚሳበው ቤንዚን ደግሞ አየሩ የሳሳውን ያህል አይቀንስም። አየሩ በሩብ ሲሳሳ የሚሳበው ቤንዚን የሚቀንሰው በ13 በመቶ ገደማ ነው። ምድጃው አየሩን ሩብ አጥቷል፤ እንጨቱ ግን ያን ያህል አልተነሳለትም። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ያገኝ የነበረ ሞተር ደብረ ታቦር ላይ 13 እንኳ አይደርሰውም። ትርፉ ቤንዚን ግማሹ በጭስ ይወጣል፣ ግማሹ ጥላሸት ሆኖ ይቀራል፣ ጥቂቱም የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። የሞተር ዘይት መለኪያው ሲወጣ ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱ ቀጥኗል ማለት ነው። ካርቡራተር ያላቸው ባጃጆችም በዚሁ ሕግ ይገዛሉ።

ፋብሪካዎቹ ይህን አላጡትም። ቶዮታ ለአሜሪካ ገበያ ባመረታቸው አንዳንድ ካርቡራተሮች ላይ ከፍታ ሲጨምር በራሱ ተጨማሪ አየር የሚያስገባ አነስተኛ መሣሪያ ይገጥም ነበር። አየር የታሸገባት ቀጭን ቆርቆሮ ውጭ ያለው ግፊት ሲቀንስ ትነፋለች፣ ስትነፋም መግቢያ ትከፍታለች። እንዲህ ያለ መኪና እጁ የገባ ሰው ከመሣሪያው የሚወጡትን የጎማ ቱቦዎች ቢፈትሽ ይጠቀማል። በሃምሳ ዓመት ዕድሜያቸው ተሰንጥቀው ወይም ምን እንደሆኑ ባልገባው መካኒክ ተነቅለው ሊገኙ ይችላሉ።

የካንዴላው ጫፍ

ሞተሩ ውስጥ እሳቱ እንዴት እንደሚነድ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መኪናው በደንብ ከሞቀ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዳገት በአንድ ማርሽ ይነዳል፤ ከዚያ ሚኒሞ ላይ ሳይቆይ ሞተሩ ይጠፋል። ሲበርድ ካንዴላዎቹ አንድ በአንድ ተፈትተው በተፈቱበት ተራ ጨርቅ ላይ ይደረደራሉ።

መታየት ያለበት በመካከለኛው ሽቦ ዙሪያ ያለው ነጭ ሸክላ ነው። ቡና በወተት የመሰለ ቀለም ይዞ ከተገኘ ቃጠሎው ልክ ነው። ደረቅ፣ በጣት ሲነካ የሚለቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል። ጥቁሩ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የሞተር ዘይት ወደ ማቃጠያው እየገባ ነው፤ ይህም በምዕራፍ አራት ወደተነሳው የፒስቶን ቀለበት ይመልሳል። ሸክላው እንደ ኖራ ከነጣ ደግሞ ቤንዚን አንሶታል፤ ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው።

አራቱም ካንዴላዎች እኩል ጥላሸት ከለበሱ ተጠያቂው ከፍታው ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ ከጠቆረ ጉድለቱ የዚያ ሲሊንደር ነው። እንደ ስፖርት መኪናነቱ ከአንድ በላይ ካርቡራተር ባለው ኩፔ ላይ ደግሞ ሁለቱ ካንዴላዎች ጠቁረው ሁለቱ ነጥተው ቢገኙ ካርቡራተሮቹ እኩል እየተነፈሱ አይደለም።

በከፍታው ከመፍረድ በፊት ግን ርካሽ ነገሮች ይቀድማሉ። በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ የሳሳውን አየር ይብስ ያሳሳዋል። ለጠዋት ብርድ የተሳበ ቾክ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል፤ የደብረ ታቦር ጠዋት ቾክ የሚያስረሳ አይደለም፣ መመለሱን ግን ያስረሳል። በካርቡራተሩ ጽዋ ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ተበስታ ቤንዚን ጠጥታ ከሆነም ጽዋው ከልክ በላይ ይሞላል።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ የነሐሷ ቀዳዳ ትለወጣለች። በሶሌክስና በዌበር ካርቡራተሮች ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊሜትር ነው። ለባሕር ጠለል 125 የተገጠመለት ሞተር ደብረ ታቦር ላይ 120 ይበቃው ይሆናል፣ ካስፈለገም 117.5። በየደረጃው እየቀነሱ፣ እየነዱ፣ ካንዴላውን እያዩ መሄድ ነው። አሮጌዋን ቀዳዳ በሽቦ ጫፍ መጎርጎር ግን ቁጥሯን ያጠፋታል፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ሽቦው ያሰፋታል።

የሳሳ አየርና ቤንዚን ተቀጣጥለው ለመጨረስ ጥቂት ረዘም ያለ ጊዜም ይወስዳሉ። ስለዚህ ባለፈው ምዕራፍ የተገለጸው የእሳት መስጫ ጊዜ ዲስትሪቢዩተሩን በማዞር በጥቂት ዲግሪ ቢቀደም ሞተሩ የተወሰነ ሕይወት ያገኛል። ሲረገጥ የሚንኳኳ ድምፅ ካሰማ በዝቷልና ይመለሳል።

ውሃ በ91 ዲግሪ

በደጋ ባቄላ ቀቅሎ የሚያውቅ ሰው ጊዜ እንደሚፈጅ ያውቃል። ምክንያቱ ያው ግፊቱ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ለራዲያተር ትልቅ ትርጉም አለው። የብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን አግቶ የሚይዘው በር፣ የሚከፈተው በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዳገት ላይ ያለ ሞተር ውሃውን ያለ ችግር 95 ያደርሰዋል። ውሃው ክፍት ድስት ውስጥ ቢሆን ኖሮ እየፈላ ነበር።

የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ሞላና ጎማ አለው፤ ውስጡ ያለው ግፊት የተወሰነ መጠን እስኪደርስ አይከፈትም። ደህና ክዳን ያለው ራዲያተር ደብረ ታቦር ላይ ውሃው 110 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ሊያቆየው ይችላል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ግን ምንም አይዝም። ሜዳ ላይ ሲነዳ የማይታወቅ ጉድለት ዳገት ላይ ራዲያተሩን ያስተፋዋል። ሞተሩ በበረደ ጊዜ ክዳኑን አውጥቶ የጎማውን ጠርዝ በጣት መዳሰስ፣ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ማየት፣ ሞላውን ተጭኖ መመለሱን መፈተሽ ደቂቃ አይፈጅም። በጋለ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት ግን ፊትና እጅ ያቃጥላል።

መኪና አልበርድ ሲል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በጋራዦች የተለመደ ነው። በደጋ ብርድ ውጤቱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ይውላል፣ ቾክ ይፈልጋል፣ ጥላሸት ያበዛል። የቮልስና የካርማን ጊያ ሞተር ራዲያተር ስለሌለው ከዚህ ሁሉ ነፃ ይመስላል። እሱን የሚያቀዘቅዘው ግን አየር ራሱ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ተሸክሞ የሚሄደው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ የማራገቢያው ቺንጋ መላላት እዚህ ይቅር አይባልም።

ቁልቁለቱና ፍሬኑ

የወጣ መኪና ይወርዳል። አንድ ቶን የሚመዝን ኩፔ ከደብረ ታቦር ወረታ ሲወርድ 900 ሜትር ከፍታ ያራግፋል። ያ ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ25 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ያሞቃል። ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይወስዱታል። የቀረውን የሚውጠው ወይ ሞተሩ ነው ወይ የፍሬን ሸራው።

ቤንዚን ለመቆጠብ ካምቢዮውን ፎሌ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር ሙቀቱን በሙሉ ለሸራው አሸክሞታል። ሸራው ሲግል መያዙን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲደርስ ደግሞ የባሰ ይመጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። በከፍታ ላይ ከዚህም ዝቅ ይላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ይታመቃል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

የሳሳው አየር እዚህም እጁ አለበት። እንደ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ያሉ መኪኖች እግርን የሚያግዝ ክብ ጣሳ አላቸው። ጣሳው በአንድ ወገን ሞተሩ አየሩን መጦ ያወጣለታል፤ በሌላው ወገን የውጭው አየር ይገፋል። የሚያግዘው የውጭው አየር ግፊት ነው፤ ያ ግፊት ሩብ ሲቀንስ እገዛውም ይቀንሳል። ደብረ ታቦር ላይ ፔዳሉ የጠነከረበት ሹፌር ዋናውን የፍሬን ፓምፕ ከማስለወጡ በፊት ይህን ማሰብ አለበት።

ወናፍ ያላቸው

እስካሁን የተነገረው እንጨት ስለመቀነስ ነው። ሁለተኛው መፍትሔ፣ ማራገብ፣ በዚህ አካባቢ ታሪክ አለው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ ያሰፈሯቸው አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና አገሬው ሠራተኞች ምድጃ ሠርተው ብረታ ብረት አቅልጠው መድፍ አፍስሰዋል። 7 ቶን ገደማ እንደሚመዝን የሚነገርለት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከዚያ ተነሥቶ በ1860 ዓ.ም. ወራት በፈጀ ጉዞ መቅደላ ደርሷል። በዚህ ከፍታ ላይ ያን ያህል ብረታ ብረት ለማቅለጥ እሳቱን በብርቱ ማናፋት ግድ ነው።

የዘመኑ ወናፍ ተርቦ ይባላል። ከሞተሩ በሚወጣ ጭስ የሚሽከረከር ማራገቢያ ነው፤ የሳሳውን አየር አምቆ ወደ ሲሊንደር ያስገባል። ተርቦ ያለው የጭነት ኢሱዙ ተጭኖ በሚወጣው ዳገት ላይ ባዶ ኩፔ ሲያለከልክ የሚታየው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ በዓለም ፊት የሚፈተንበት አንድ ቦታ አለ፤ በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚገኘው ፓይክስ ፒክ። የተራራ ላይ ውድድሩ የሚጀምረው 2862 ሜትር ላይ፣ ከደብረ ታቦር ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ የሚያልቀው 4302 ሜትር ላይ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሴባስቲያን ሎብ ባለተርቦ ፔዦ ይዞ በ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሮማን ዱማ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ቮልስዋገን ይዞ 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ አስመዘገበ። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ጫፉ ላይም ጉልበቱ እንደ ታቹ ነው።

ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ያገለገሉ መኪኖችን ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቀድሞ አስወድዷቸው ነበር። አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ ኩፔዎች ተተኪ የሌላቸው ሆነዋል፤ የካርቡራተር እውቀትም ከእነሱ ጋር ይቆያል።

ወደ ቆላ ሲወርድ

አሮጌ ኩፔ ላይ ተርቦ መግጠም ቀላል ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ ለአብዛኛው ባለቤት የሚቀረው የነሐሷ ቀዳዳ ነች። እሷም የራሷ ዕዳ አላት። ለደብረ ታቦር የተቃኘ መኪና ባሕር ዳር ቢወርድ ብዙም አይጎዳም። በጎንደር በኩል ወደ መተማ ከወረደ ግን ከ1000 ሜትር በታች ይገባል፤ አየሩ ይታመቃል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ቤንዚኑ ደግሞ የደጋ ልክ ሆኖ ይቀራል። ቤንዚን ያነሰው ቃጠሎ ይግላል፤ ቫልቭ ያቃጥላል፣ ሲብስም ፒስቶን ይበሳል። ትርፍ ቤንዚን ኪስ ይጎዳል፤ ያነሰ ቤንዚን ሞተር ይበላል።

በዚህ ምክንያት የተነሱት ቀዳዳዎች አይጣሉም። ቁጥራቸው ተጽፎባቸው በትንሽ ከረጢት መኪናው ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ዲስትሪቢዩተሩ ከመዞሩ በፊት የነበረበት ቦታም በቀለም ምልክት ይደረግበታል። መኪናው ሲሸጥ ከረጢቱ ለገዢው ይተላለፋል፤ በተለይ ገዢው የቆላ ሰው ከሆነ። በሚቀጥለው ምዕራፍ ትኩረቱ ከሞተሩ ወደ አካሉ ያልፋል፤ የክረምት ዝናብና ጭቃ በበሮችና በወለል ሥር ተጠራቅመው ቆርቆሮውን ከውስጥ እንዴት እንደሚበሉት ይታያል።